«ሰባት በመቶ ፈጠነ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በኮምፒውተር ሳይንስ የማስተርስ ጥናቶች ውስጥ ተደጋግሞ የሚነበብ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ያቀረብነው ዘዴ ከነባሩ በሰባት በመቶ ይፈጥናል» ይላል። አኃዙ ከጥናት ወደ ጥናት ይለዋወጣል፤ የአቀራረቡ መልክ ግን አንድ ነው። አንድ ሠንጠረዥ ይቀርባል፤ በሠንጠረዡም ውስጥ የነባሩና የአዲሱ ዘዴ አማካይ ጊዜ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ስንት ጊዜ እንደተለካ፣ በየትኛው የኮምፓይለር እትምና በምን ትእዛዝ እንደተዘጋጀ፣ ውጤቶቹም ምን ያህል እንደተበታተኑ ብዙ ጊዜ አይገለጽም። ገምጋሚም ሆነ አንባቢ አኃዙን አምኖ ከመቀበል ወይም ከመተው በቀር የሚመረምርበት መንገድ አያገኝም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። የፍጥነት ልኬት የሙከራ ሳይንስ ሥራ ነው፤ ስለሆነም የሙከራ ሳይንስ ግዴታዎች ሁሉ ይመለከቱታል። በግብርና ክፍል አንድ ተማሪ በአንድ ማሳ ብቻ ዘርቶ «አዲሱ ዘር በሰባት በመቶ ይበልጣል» ቢል ፈታኞቹ አያሳልፉትም፤ ልዩነቱ ከዘሩ ይምጣ ከአፈሩ እንዴት እንዳወቀ ይጠይቁታል። የእኛም የትምህርት ክፍል ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ ይገባዋል፤ ልዩነቱ የመጣው ከዘዴው ነው ወይስ ዘዴው ከተለካበት ሁኔታ?

ኮምፓይለሩ የሚለካውን ነገር ሲያጠፋው

ብዙዎቻችን ኮምፓይለርን የጻፍነውን መስመር በመስመር ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚ አድርገን እንወስደዋለን። እንደ ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ ባሉ ቋንቋዎች ግን ደንቡ ኮምፓይለሩን የሚያስገድደው የፕሮግራሙን ከውጭ የሚታይ ውጤት እንዲጠብቅ ብቻ ነው። ከዚያ በመለስ ያለውን የመሰረዝ፣ የማቀያየርና የማዋሐድ ነጻነት አለው። በሙያው ኦፕቲማይዜሽን የሚባለው ሥራ የቆመው በዚህ ነጻነት ላይ ነው።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ የማባዛትን ፍጥነት ለመለካት መቶ ሚሊዮን ጊዜ የሚዞር ሉፕ ይጽፋል እንበል፤ በየዙሩ ሁለት ቁጥሮችን እያባዛ ድምሩን በአንድ ቫሪያብል ያጠራቅማል። ድምሩ በኋላ ካልታተመ ወይም ለሌላ ስሌት ካልዋለ ኦፕቲማይዜሽን የታዘዘ ኮምፓይለር ሉፑን በሙሉ ይሰርዘዋል። በዚህ ጊዜ ሰዓቱ የሚለካው ምንም አለመሥራትን ነው። ድምሩ ቢታተም እንኳ ችግሩ ላይወገድ ይችላል። ክላንግ ከአንድ ጀምሮ ያሉ ተከታታይ ቁጥሮችን የሚደምር ቀላል ሉፕ ሲያገኝ ሉፑን ትቶ በትምህርት ቤት በተማርነው የድምር ቀመር ይተካዋል። ቁጥሮቹ በኮዱ ውስጥ የተጻፉ ቋሚዎች ከሆኑም ስሌቱን አስቀድሞ ጨርሶ መልሱን ብቻ ሊያስቀምጥ ይችላል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ግብአቱ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ ከውጭ የሚነበብ ይሁን፤ ውጤቱ ኮምፓይለሩ ሊሰርዘው በማይችል መንገድ ጥቅም ላይ ይዋል፤ በመጨረሻም የተፈጠረው የአሴምብሊ ኮድ ይነበብ። ከሦስቱ ሦስተኛው ይበልጣል። ምን እንደሆነ ያላየነውን ኮድ ለክተናል ብለን በልበ ሙሉነት መናገር አንችልም።

ይህ የጀማሪዎች ብቻ ችግር አይደለም። ራይንሆልድ ቫይከር እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ድራይስቶን የተባለው ቤንችማርክ ለዓመታት የፕሮሰሰሮች መወዳደሪያ ሆኖ ቆይቷል። ኮምፓይለሮች እየበረቱ ሲሄዱ ግን ውጤታቸው ለምንም የማይውሉትን የፕሮግራሙን ክፍሎች መሰረዝ ቻሉ፤ ይህንንም ለመከላከል በ1988 ሁለተኛ እትም ማዘጋጀት አስፈለገ። ስፔክ የተባለው የመለኪያ ተቋም በ1989 ካወጣቸው ፕሮግራሞች አንዱ የነበረው ማትሪክስ300 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በአንድ መስመር ኮድ ላይ ነበር። ኮምፓይለር ሠሪዎች ያችን መስመር ለካሽ በሚስማማ ቅደም ተከተል ማደራጀትን ሲያውቁበት፣ ፕሮሰሰሩ ያው ሆኖ ሳለ ውጤቱ በብዙ እጥፍ ዘለለ። በ1992ቱ እትም ማትሪክስ300 ከዝርዝሩ ወጣ። ከእነዚህ ታሪኮች የምንረዳው መለኪያውም ራሱ መመርመር ያለበት ነገር መሆኑን ነው።

ከአቀማመጥ የሚመጣ መዛባት

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያደረገ ተመራማሪም ቢሆን ገና ከአደጋው አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2009 ቶድ ሚትኮዊች፣ አመር ዲዋን፣ ማቲያስ ሃውስቪርት እና ፒተር ስዊኒ አስፕሎስ በተባለው ጉባኤ ባቀረቡት ጥናት አንድ ቀላል ጥያቄ መርምረው ነበር፤ ኦ3 የተባለው የኦፕቲማይዜሽን ደረጃ ከኦ2 ይፈጥናልን? መልሱ ከፕሮግራሙ ይዘት ጋር ግንኙነት በሌላቸው ሁለት ነገሮች ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው በዩኒክስ ሥርዓት ውስጥ የኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች የሚይዙት ጠቅላላ መጠን ነው። ሁለተኛው የኦብጀክት ፋይሎች ለሊንከሩ የሚሰጡበት ቅደም ተከተል ነው። በአንዱ አቀማመጥ ያሸነፈው ኦ3 በሌላው አቀማመጥ ሲሸነፍ ታይቷል።

ነገሩ ምትሐት አይደለም። የኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች ፕሮግራሙ ሲነሣ ከስታኩ በላይ ስለሚጫኑ፣ መጠናቸው ሲለወጥ የስታኩ መነሻ አድራሻ ይለወጣል። በዛሬዎቹ የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ካሽ መረጃን የሚያመጣው በ64 ባይት ክፍልፋይ ነው፤ አንድ መረጃ በአንድ ክፍልፋይ ውስጥ መግባቱ ወይም በሁለት ክፍልፋዮች ላይ መንጠልጠሉ የጊዜ ልዩነት ያመጣል። የሊንክ ቅደም ተከተል ሲለወጥም የፋንክሽኖች አድራሻ ይለወጣል፤ የመመሪያ ካሹና የቅርንጫፍ ገማቹ ደግሞ ሥራቸውን የሚያከናውኑት በአድራሻ ነው። ከእነዚህ ቫሪያብሎች መካከል የተጠቃሚው ስምና የሚሠራበት ማኅደር አድራሻ ይገኛሉ። ስለዚህ አንዱ ተማሪ በአጭር፣ ሌላው በረጅም የተጠቃሚ ስም ገብተው ያንኑ ፕሮግራም ቢለኩ የተለያየ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ በአራት ታዋቂ ጉባኤዎች የቀረቡ 133 ጽሑፎችን መርምረው፣ የሙከራ ውጤት ካቀረቡት መካከል ይህን መዛባት በበቂ ሁኔታ ያገናዘበ አንድም አላገኙም።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሰጠው መልስ «ደጋግሜ ለክቻለሁ» የሚል ነው። መድገም አስፈላጊ ቢሆንም ይህን ችግር አይፈታም። አንድ ኪሎ ነው የተባለ የሚዛን ድንጋይ 950 ግራም ብቻ ቢሆን፣ ሺህ ጊዜ ቢመዝኑበት አማካዩ እየጠራ የሚሄደው ወደ ስሕተቱ ነው። ያንኑ አንድ ፋይል ሺህ ጊዜ ማስኬድም እንዲሁ ነው፤ በዘፈቀደ የሚመጣውን መዋዠቅ ይቀንሳል እንጂ ከአቀማመጡ የመጣውን መዛባት አይነካውም። የግብርናው ተማሪ በአንዱ ማሳ ላይ ምርቱን ሺህ ጊዜ ቢመዝን ስለ አፈሩ የሚነግረው ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው ብዙ ማሳና በዕጣ የተደለደለ ዘር ነው።

ይህንኑ አስተሳሰብ ወደ ሥራ የለወጡት ቻርሊ ከርትሲንገር እና ኤመሪ በርገር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ያቀረቡት ስታቢላይዘር የተባለ መሣሪያ ፕሮግራሙ በመሥራት ላይ እያለ የኮዱን፣ የስታኩንና የሂፑን አቀማመጥ በዘፈቀደ ደጋግሞ ይለዋውጣል። በዚህ መንገድ በኤልኤልቪኤም ላይ ሲለኩ ኦ2 ከኦ1 የሚበልጥበት ልዩነት ጎልቶ ታየ፤ ኦ3 ከኦ2 አለው የሚባለው ብልጫ ግን ከዘፈቀደ መዋዠቅ ሊለይ አልቻለም። ከዚህ «ኦ3 ዋጋ የለውም» የሚል ድምዳሜ መድረስ ትክክል አይሆንም፤ ግኝቱ በዚያ የፕሮግራሞች ስብስብና በዚያ የኮምፓይለር እትም የተወሰነ ነው። ይሁን እንጂ በኮምፓይለር ባለሙያዎች የብዙ ዓመታት ሥራ የተገነባ የኦፕቲማይዜሽን ደረጃ ብልጫውን ለማሳየት ይህን ያህል ከተቸገረ፣ የአንድ ሴሚስተር ሥራ ውጤት የሆነው የእኛ ሰባት በመቶ ያለ ምርመራ ሊያልፍ አይገባም።

በእኛ ቤተ ሙከራ

ለእኛ ጉዳዩ ተጨማሪ ክብደት አለው። ብዙ ተማሪዎች የሚለኩት ለልኬት በተለየ አገልጋይ ሳይሆን በግል ላፕቶፓቸው ነው። ላፕቶፕ የፕሮሰሰሩን የሰዓት ምት እንደ ሙቀቱና እንደ ኃይል ምንጩ ይለዋውጣል። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ወደ ባትሪ ሲዞር፣ ብዙውን ጊዜ ኃይል ለመቆጠብ የሰዓት ምቱን ዝቅ ያደርጋል። ነባሩ ዘዴ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ አዲሱ ደግሞ መብራት ሲመጣ ቢለኩ፣ ሠንጠረዡ የሚነግረን ስለ ኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ይሆናል። መብራት ባይጠፋም፣ ነባሩን ሃምሳ ጊዜ አከታትሎ ከዚያ አዲሱን ሃምሳ ጊዜ መለካት አንዱን በቀዝቃዛ፣ ሌላውን በጋለ ማሽን ላይ መለካት ነው። ሁለቱን እያፈራረቁ፣ ተራቸውንም በዕጣ እየወሰኑ መለካት ግን ምንም ወጪ የለውም።

ይህ ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል። በብዙ የምርምር መስኮች ከሌላው ዓለም ወደ ኋላ የምንቀረው መሣሪያ መግዛት ስለማንችል ነው። በዚህ መስክ ግን ጥሩ ልኬት የሚጠይቀው ውድ ማሽን አይደለም። ጂሲሲ፣ ክላንግና ፐርፍ በነጻ ይገኛሉ። የሊንክ ቅደም ተከተልን በዘፈቀደ እየለዋወጠ ፕሮግራሙን ሠላሳ ጊዜ የሚያዘጋጅ ስክሪፕት ጥቂት መስመር ነው፤ ማታ አስነሥተውት ጠዋት ውጤቱን ማንበብ ይቻላል። ድህነት የማያመካኝበት የጥራት መስክ ካለ አንዱ ይህ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም የሚል ነው። ትክክል ነው። የተሻለ አልጎሪዝም አንድን ሥራ በአርባ እጥፍ ካፋጠነ የሊንክ ቅደም ተከተል አይገለብጠውም። ጥያቄው የሚመለከተው ጥቂት በመቶ የሆኑትን ልዩነቶች ነው፤ በኮምፓይለርና በሥርዓት ፕሮግራሚንግ ጥናቶች የሚቀርቡት ብዙዎቹም እንዲህ ያሉ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ተጠቃሚውም ፕሮግራሙን የሚያስኬደው በአንድ አቀማመጥ ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን የእርሱ አቀማመጥ የእኛ አይደለም። የእርሱ ማሽን፣ የእርሱ የተጠቃሚ ስም፣ የእርሱ የላይብረሪ እትም ሌላ ነው። ብልጫው በእኛ አቀማመጥ ብቻ የሚታይ ከሆነ ለተጠቃሚው ቃል የምንገባለት ነገር የለንም።

ሦስተኛው የማስተርስ ጥናት መለማመጃ ስለሆነ ይህን ያህል ሊጠየቅ አይገባም የሚል ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ኤልኤልቪኤም ግን ክሪስ ላትነር እ.ኤ.አ. በ2002 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ካቀረበው የማስተርስ ጥናት ጋር የተያያዘ ነው። ሁሉም ጥናት እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። ሆኖም መለማመጃ ቢሆንስ፣ የምንለማመደው ምንድን ነው? ተማሪው በዚህ ደረጃ ያልለመደውን ጥንቃቄ በዶክትሬት ወይም በሥራ ዓለም በድንገት አያገኘውም።

ምን ይደረግ?

አራት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የፍጥነት ብልጫ የሚያነሣ ማንኛውም የመመረቂያ ጥናት የፕሮሰሰሩን ሞዴል፣ የኮምፓይለሩን እትምና የተሰጡትን ትእዛዞች፣ የሥርዓተ ክወናውን እትምና የኃይል ሁኔታውን በአንድ ሠንጠረዥ ይግለጽ። ሁለተኛ፣ ልኬቱ በበርካታ አቀማመጦች፣ ተፎካካሪዎቹን በማፈራረቅ ይከናወን፤ ከአማካዩ ጋር የመተማመኛ ክልሉ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ ጥሬ መረጃውና የልኬት ስክሪፕቱ ከጥናቱ ጋር በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ። አራተኛ፣ ብልጫው ከየት እንደመጣ ይብራራ። ፐርፍ የሚቆጥራቸው የመመሪያ ብዛት፣ የካሽ ስሕተትና የቅርንጫፍ ግምት ስሕተት ለዚህ ይረዳሉ። መመሪያው ካልቀነሰ፣ ስሕተቶቹም ካልቀነሱ፣ ጊዜው ግን ከቀነሰ ምክንያቱ ገና አልታወቀም ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፤ «ልዩነት አላገኘንም» የሚል ውጤትን መቀበል። አንድ ተማሪ ዘዴውን በሚገባ ሠርቶ፣ በሚገባ ለክቶ፣ ብልጫ እንደሌለው ቢያሳይ ሊመረቅ ይገባዋል፤ ጽሑፉም በዚህ መጽሔት ሊወጣ ይገባል። ይህ በር እስካልተከፈተ ድረስ ተማሪው ብልጫ የሚያሳየውን አቀማመጥ እስኪያገኝ ድረስ እንዲፈልግ እየገፋፋነው ነው፤ ከበቂ ሙከራ በኋላም ማግኘቱ አይቀርም።

የዚህ ዋጋ የሚከፈለው ዘግይቶ ነው። የሚከፍለውም አኃዙን የጻፈው አይደለም፤ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ አዲስ ጥናት የሚጀምረው ቀጣዩ ተማሪ ነው። ያ ተማሪ ሰባቱን በመቶ በራሱ ማሽን ላይ ሊያገኛት ይሞክራል፤ ሲያጣትም ጥፋቱን በራሱ ላይ ይፈልጋል፤ ከሁለት ዓመት ፕሮግራሙ ውስጥ ወራቱ እንዲሁ ያልቃሉ። እነዚያን ወራት ልናተርፍለት እንችላለን። የመመረቂያ ጥናት ፈታኞች በሚቀጥለው መከላከያ ላይ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ መልካም ጅማሬ ይሆናል፤ «ፕሮግራሙን በሌላ ቅደም ተከተል ሊንክ ብታደርገው ብልጫው ይቆያልን?» ይህ ጥያቄ እንደሚጠየቅ የታወቀ ዕለት፣ ተማሪው መልሱን ይዞ ይመጣል።