ዕቃው ከቦታው ሲታጣ

ከወሊድ ፈቃድ ተመልሳችሁ ቢሮ ስትገቡ ኮምፒዩተራችሁ በአዲስ ተተክቶ፣ በየቀኑ የምትከፍቱት የደብዳቤ መጻፊያ ከለመዳችሁት ቦታ ብታጡት ምን ይሰማችኋል? «ሥራውን ረስታዋለች» እንዳትባሉ ፈርታችሁ ባልደረባችሁን ለመጠየቅ ታፍሩ ይሆናል።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? በሰው ማጀት ገብታችሁ በርበሬው ያለበትን ብታጡ ሙያ የላትም የሚላችሁ የለም። «ስታርት» የሚባለው የዊንዶውስ መክፈቻ እ.ኤ.አ. በ1995 በስክሪኑ ታች ግራ ጥግ ተቀመጠ፤ የሠራተኛውም እጅ ለመደው። በ2012 በወጣው ዊንዶውስ 8 ላይ አዘጋጆቹ ከዚያ አነሱት። ተጠቃሚው አጉረመረመ፤ በ2013 መለሱት። በ2021 ዊንዶውስ 11 ደግሞ ወደ መሐል ወሰደው! ባለቤቲቱን ሳይጠይቁ ማጀቷን እንደ ማዘዋወር ያለ ነገር ነው።

ደግነቱ፣ ቦታ ሳይፈልጉ በስም መጥራት ይቻላል። በኪቦርዱ ላይ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫኑና የፕሮግራሙን ስም መጻፍ ጀምሩ፤ ሁለት ሦስት ፊደል ስትጽፉ ብዙውን ጊዜ ብቅ ይላል። ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ ከሆነ አስቀድሞ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነው። ችግሩ ስሙን ማወቅ ግድ መሆኑ ነው፤ ኤክሴልን «የደመወዝ መሥሪያው» እያልን ለምንጠራው ይህ ዘዴ አይበጅም። ስለዚህ ስሞቹን በወረቀት ጽፋችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉ።

ፕሮግራሙ ከተገኘ በኋላ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ፒን ቱ ታስክባር» የሚለውን ብትመርጡ ከታች ባለው ረድፍ ላይ ይቀመጥላችኋል። ከአራት አምስት በላይ ግን አትደርድሩ፤ መልሶ ፍለጋ ይሆንባችኋል።