ሸሚዙን ማን ሠራው?

በውጭ ሀገር ሱቅ የተሰቀለ ሸሚዝ ከአንገትጌው ሥር «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚል ምልክት ተሰፍቶበት ሲያይ ደስ የማይለው ተማሪ ያለ አይመስለንም። እኛም ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን «የተሠራ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ጠጋ ብለን ስንመረምር ደስታችን ቀዘቀዘ።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳን የኢንዱስትሪ ፓርክ እንመልከት። ጥጥ በአዋሽ ሸለቆ እየበቀለ፣ የሸሚዙ ጨርቅ በአብዛኛው ከእስያ በመርከብ ተጭኖ በጅቡቲ በኩል ይገባ ነበር። የስፌት መኪናውም የውጭ ነው። ከባለ ፋብሪካዎቹ ብዙዎቹ የሕንድ፣ የስሪላንካ፣ የቻይናና የኢንዶኔዥያ ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ ትእዛዙ የሚመጣው ከአሜሪካና ከአውሮፓ ነበር። የእኛ ድርሻ እጅ ብቻ ሆነ፤ ይኸውም ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡ ልጃገረዶች እጅ። አያቶቻችን የአሜሪካ ሥሪት አቡጀዲ ይለብሱ ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ለአሜሪካ ሸሚዝ ሰፊ ሆኑ።

ታዲያ ይህ እጅ ስንት ተከፈለው? የኒውዮርክ ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ መነሻ ደመወዙ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር መሆኑን ገለጹ። በባንግላዴሽ 95 ነበር። መንግሥታችንም ለባለ ሀብት ሲያስተዋውቅ የጉልበታችንን ርካሽነት እንደ ሙያ ይቆጥረው ነበር። ከዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይና ምግብ ሲነሣ ምን እንደሚተርፍ፣ በዶርም ተኝቶ በካፌ የሚበላ ተማሪ እንኳ ማስላት አያቅተውም። ብዙዎቹ ሠራተኞች ሥራውን ጥለው መሄዳቸው ሊያስገርም አይገባም።

ሸሚዙ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገባው በ1992 ዓ.ም. በወጣው አጎዋ በሚባለው ሕግ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከዕድሉ ተሰረዘች፤ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም አስቀድሞ በኅዳር ፋብሪካውን ለመዝጋት ወሰነ። በጦርነቱ ላይ አንዲት ቃል ያልተጠየቀች ልብስ ሰፊ ለጦርነቱ ዕዳ ከፈለች።

«ፋብሪካው ባይመጣ ይሻል ነበር» የሚሉ ጓደኞች አሉን። አንስማማም፤ ሌላ ሥራ ላላገኘች ልጅ ይህን መናገር ቀላል የሚሆነው ለጠገበ ሰው ነው። የምንከራከረው ስለ ውሉ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል፤ ቃሉ ግን ለዓመታት በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ተኝቶ ቆየ። የሕግና የኢኮኖሚክስ መምህራኖቻችን ስለዚህ አንቀጽ በአዳራሻችን እንዲከራከሩልን እንለምናለን። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጡ ጓደኞቻችንም ሐዋሳ ወርደው፣ የሠራተኞቹን የወር ወጪ ከራሳቸው አፍ ሰምተው ይጻፉ።