ለቅሶ ደራሽ ያጣ ሰው

«ማንዲ» የተባለውን ፊልም ያየ ሁሉ የሚያወራው ስለ መጥረቢያውና በሞተር መጋዝ ስለተደረገው ግጥሚያ ነው። እኔን የከነከነኝ ግን የመታጠቢያ ቤቱ ትዕይንት ነው፤ ይልቁንም ተመልካቹ እዚያ ላይ መሳቁ።

ፊልሙን ላላያችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሬድ የሚባል እንጨት ቆራጭ ጫካ ውስጥ ከሚወዳት ከማንዲ ጋር ይኖራል። ዘፋኝነቱ ያልሰመረለትና አሁን ነቢይ ነኝ የሚል አንድ ሰው መንገድ ላይ ያያትና በተከታዮቹ ያስጠልፋታል። ስትስቅበት ጊዜ፣ ሬድ በእሾህ ሽቦ ታስሮ እያየ፣ በቁሟ ያቃጥላታል። ከዚያ በኋላ ያለው ደምና ቅዠት ነው። ሰማዩ ቀይና ሐምራዊ ይሆናል፤ በሞተር ሳይክል የሚመጡት ፍጡራን ሰው ይሁኑ ጋኔን አይለዩም። ኒኮላስ ኬጅ ሬድን ሆኖ የሠራበት ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2018 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ሲታይ ብዙ ተወድሶ ነበር።

እኛ ያየነው እዚህ ጅቡቲ፣ አምቡሊ ሰፈር፣ እኔ ስልክ በምጠግንባት ክፍል ውስጥ ነው። በጅቡቲ ዓርብ ሥራ ስለሌለ ሐሙስ ማታ ያገር ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ግንበኛው፣ ዘበኛው፣ ሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን። ፊልሙ ግድግዳው ላይ ይበራል። ከኤርፖርቱ አውሮፕላን ሲነሳ ምንም አይሰማም፤ ሙቀቱ ደግሞ በሩን አያስዘጋም።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ቤቱን አሰለቸው። ሬድና ማንዲ አልጋ ላይ ሆነው ስለ ፕላኔቶች ሲያወሩ «አሳልፋት! ድብድቡ ጋ አድርሰን!» የሚለው በዛ። አገር ቤት በቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው አክተሩ ቶሎ እንዲመታ፣ ሲመታም እንዳይሞት ይፈልጋል። አልፈርድበትም፣ እኔም ያደግሁት እዚያው ነው። ግን አላሳለፍኩትም።

ከዚያ ማንዲ ተቃጠለች። ሬድ ከእስሩ ወጥቶ ወደ ቤት ገባ፤ መታጠቢያ ቤት ሄዶ በውስጥ ሱሪው እንደቆመ የተደበቀ የአረቄ ጠርሙስ አወጣ፤ ግማሹን ጠጣ፣ ግማሹን ቁስሉ ላይ አፈሰሰው፤ ከዚያ እንደ ከብት ጮኸ። ካሜራው ከሱ አይነሳም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሌላው ዓለምም ብዙ ተመልካች የሳቀው እዚሁ ላይ ነው፤ የኬጅ ጩኸት ተቆርጦ መሳቂያ ሆኖ በየስልኩ ዞሯል።

በሩ አጠገብ ምግብ ቤት ያላት አንዲት እህታችን ተቀምጣ ነበር። «ምን ያስቃችኋል? ሰውየው እኮ ለቅሶ የሚደርስለት አጥቶ ነው» አለች። አንዳንዱ ዝም አለ፣ አንዳንዱም ሳቁን ቀጠለ። ስለዚህ ፊልም ከሰማሁት ሁሉ የበለጠው ንግግር ግን የሷ ነው።

እኛ ዘንድ እኮ ሞት እንዲህ አይነገርም። መርዶ ሽማግሌ ይፈልጋል፤ ሌሊት ተሂዶ፣ ንጋት ላይ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ተከቦ ይረዳል። ራሱን እንዳይጎዳ የሚይዘው፣ «በቃህ» የሚለው፣ እህል የሚያቀምሰው ሰው አለ። ሬድ ይህ ሁሉ የለውም። ጎረቤት የለው፣ ዕድር የለው፤ ያለው ጠርሙስ ነው፣ ቀጥሎም ራሱ ቀጥቅጦ የሚሠራው መጥረቢያ። በዚህ ፊልም ውስጥ በቀል የገባው ለቅሶ ደራሽ በጎደለበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

አምቡሊ ላለ ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ከየመን ወገኖቻችንን ይዘው ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ በሰሜን ጅቡቲ ጎዶሪያ አጠገብ ተገልብጠው ብዙ ሰው አልቋል። እንዲህ ያለው መርዶ እዚህ የሚመጣው በስልክ ነው፤ ሥራ ላይ፣ ብቻችንን፣ አንዳንዴም ሰው ቤት ወጥ እየሠራን። ክፍል ዘግቶ እንደ ሬድ የጮኸ ወንድም አውቃለሁ። ማንም አልሳቀበትም።

ዳይሬክተሩም ከሐዘን ነው የመጣው። ፓኖስ ኮስማቶስ እናቱን እ.ኤ.አ. በ1997፣ አባቱን በ2005 ቀብሯል፤ ፊልሞቹ ከዚያ ሐዘን እንደወጡም ራሱ ተናግሯል። አባቱ ጆርጅ ኮስማቶስ የቪዲዮ ቤት ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ሁለተኛውን «ራምቦ» የሠራ ሰው ነው። አባት ተኩሶ የሚያሸንፍ ጀግና ሰጠን። ልጁ ደግሞ ሁሉን ገድሎ የጨረሰ፣ ፊቱ በደም የተሸፈነ፣ የሞተችው ማንዲ መኪናው ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ የምትታየው ሰው አሳየን። ድብድቡ ጋ ብቻ የደረሰ ተመልካች ይህን ልዩነት ከየት ያገኘዋል?

የበቀል ነገር ለኛም አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሲኒማ ስለ ደም ያወራው ገና ከጥዋቱ ነው። የጉማ የፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ሚሼል ፓፓታኪስ ካዘጋጀው «ጉማ» ከተባለው ፊልም ነው፤ ጉማ ደግሞ የደም ካሳ ነው። ነፍስ ያጠፋ ሰው ካሳውን ከፍሎ፣ በሽማግሌ ታርቆ፣ ደሙ የሚደርቅበት ሥርዓት። እዚህም በጅቡቲ ሔር የሚባለው የኢሳዎች የቃል ሕግ የደም ዋጋ በግመል ይቆጥራል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2024 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ሁለቱም የተሠሩት ሐዘንተኛ መጥረቢያ እንዳያነሳ ነው። በሬድ ጫካ ግን የሚያስታርቅ ሽማግሌ አንድም የለም፣ ፖሊስም አይታይም።

እንዲህ ያለ ፊልም ጭካኔ ያስተምራል የሚሉ ታላላቆቻችን አሉ። ልጅ ፊት መታየት የለበትም በሚለው እስማማለሁ፤ እኔም ያን ማታ ሕፃን የያዘችውን እናት ለምኜ ነው ወደ ቤቷ የሸኘኋት። ለአዋቂ ሰው ግን የሚጎዳው ቆርጦ ማየት ነው፤ ፍቅሩንና ለቅሶውን አስቀርቶ ግድያውን ብቻ።

ስለዚህ በየሰፈሩ ፊልም የምታሳዩ ወንድሞቼ፣ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት አታሳልፉባቸው። ተመልካቹም መታጠቢያ ቤቱ ላይ ሲደርስ፣ እባካችሁ፣ ሰውየውን አልቅሶ እስኪጨርስ ተዉት።