የኅብረት ጒዞ በጸደይ ወራት

ልጆች ሆይ፤ ብቻውን መንገድ የሚሄድ ሰው የራሱን ጒልበት ያውቃል፤ ሲደክመው ያርፋል፥ ሲያሠጋው ይመለሳል። ከብዙ ሰዎች ጋራ የሚሄድ ሰው ግን የራሱን ጒልበት ማወቅ ብቻ አይበቃውም፤ የባልንጀራውንም ጒልበት ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ በሞተር ብስክሌት ኾነው በኅብረት ስለሚጓዙ ሰዎች እንናገራለን። ነገሩ የጐልማሶች ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ለሕፃናትም ትምህርት አለበት። አሳባችንም ይህ ነው፤ የኅብረት ጒዞ የሚመሰገነው በፊተኛው ፍጥነት አይደለም፥ በኋለኛው ደኅንነት ነው እንጂ።

ሞተር ብስክሌት እንደ መኪና አራት እግር የለውም። ሲሄድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሲቆም ግን ድጋፍ ካላገኘ ይወድቃል። በቤንዚን የሚሄደውን የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌት ጎትሊብ ዳይምለርና ዊልሄልም ማይባኽ በጀርመን አገር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ሠሩት። የዚያ መንኰራኵር የእንጨት ነበረ። ዛሬ ግን ጐማው ላስቲክ ነው፥ ሞተሩም እጅግ ብርቱ ነው። ኾኖም ጐማው መሬቱን የሚነካበት ስፍራ እስከ ዛሬ ድረስ ጠባብ ነው፤ ከሰው መዳፍ ብዙ አይበልጥም። እንግዲህ የነጂው ሕይወት በሁለት መዳፍ ስፍራ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ወራቱ እንመልከት። በቀደሙት አባቶች ቍጥር ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ ስማቸውም መፀው፥ በጋ፥ ጸደይ፥ ክረምት ይባላል። ጸደይ ከመጋቢት 26 ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ 25 ቀን ድረስ ነው። ዛሬ ብዙ ሰዎች የአበባውን ወራት ጸደይ ይሉታል፤ በቀደመው ቍጥር ግን የአበባው ወራት መፀው ነው። ገበሬውም ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘንመውን ዝናም በልግ ይለዋል።

የክረምት ዝናም እንደ ታማኝ ሎሌ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። የበልግ ዝናም ግን እንደ ድንገተኛ እንግዳ ነው፤ አንዳንድ ዓመት አስቀድሞ ይመጣል፥ አንዳንድ ዓመት ይዘገያል፥ አንዳንድ ዓመትም ጨርሶ ይቀራል። የቀኑም ጠባይ እንደ ዓመቱ ነው። ማለዳ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይታያል። ፀሓይ መሬቱን ስታሞቀው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፥ ሲቀዘቅዝም ደመና ይኾናል። ከቀትር በኋላ ነጐድጓድ ይሰማል፥ አንዳንድ ጊዜም በረዶ ይወርዳል። ስለዚህ በጸደይ ወራት የማለዳውን ሰማይ አይቶ ስለ ማታው መማል አይገባም።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰንዳፋና በሸኖ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ደጋ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው 2800 ሜትር ያህል ይኾናል። ከዚያ ያለፈ ሰው ከ3000 ሜትር በላይ ወደሚኾነው ወደ ጣርማ በር ይወጣል። በዚያም ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዘው በነበሩበት ዘመን የተሠራ፥ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያሳልፍ ዋሻ አለ፤ ርዝመቱም ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከዋሻው ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ በገደል አፋፍ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል።

በዚህ ስፍራ ጉም ይበዛል። ይህስ ስለ ምንድር ነው ቢሉ፥ ከምሥራቅ በቆላው በኩል የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ገደሉን በወጣ ጊዜ ይቀዘቅዝና ጉም ይኾናል። ደግሞም ሰው 1000 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ፀሓይ ሲሞቅ የነበረ ሰው ጣርማ በር ላይ በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ በፊቱ ያለውንም መንገድ ማየት ይሳነዋል።

እንግዲህ ስምንት ሰዎች በሚያዝያ ወር ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነሥተው፥ ደብረ ሲና ምሳ በልተው በዚያው ቀን ሊመለሱ ተስማሙ እንበል። ከእነርሱ አንዱ ብዙ ዓመት የነዳ ብርቱ ሰው ነው፤ ሌላው መንዳት የተማረው በቅርቡ ነው፥ ሞተሩም ትንሽ ነው። ሸኖን ሲያልፉ ዝናም ያዛቸው። በደረቀ መንገድ ላይ አቧራና ከመኪና የፈሰሰ ዘይት ተኝቶበት ይኖራል፤ የመጀመሪያው ካፊያ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ልብስ ከራሰ በኋላ ነፋሱ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። ጣቶች ይደነዝዛሉ፥ የደነዘዘ ጣትም ፍሬኑን እንደ ልብ አይጨብጥም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰኮንድ ከ16 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ አንድ፥ ሁለት ብሎ እስኪቈጥር ድረስ 33 ሜትር አልፏል። የደነዘዘ እጅ አንድ ሰኮንድ ቢዘገይ ምን ያህል መንገድ እንደሚያስከፍል ከዚህ አስተውሉ።

ልማዱን የሚያውቁ ሰዎች ስለዚህ ነገር ሥርዓት አላቸው። አንዱን መሪ፥ አንዱንም የኋላ ጠባቂ ያደርጋሉ። የኋላ ጠባቂው ብልህና ትዕግሥተኛ ሰው ይኾናል፤ ከርሱ በኋላ ማንም አይቀርምና። በቀናና በደረቅ መንገድ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ተፈራርቀው ይሄዳሉ፤ በጠመዝማዛና በጉም ግን አንድ በአንድ ይሰለፋሉ። በአንዱና በሌላው መካከል ቢያንስ የሁለት ሰኮንድ ርቀት ይተዋሉ፤ ሲዘንም ያንኑ እጥፍ ያደርጉታል። መንገድ በሚለያይበት ስፍራ አንዱ ቆሞ የመጨረሻው እስኪመጣ ድረስ ያመለክታል። ከሥርዓቱ ኹሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ እያንዳንዱ በመስተዋቱ የኋላውን ይመለከታል። የኋላው ካልታየው ዝግ ይላል፤ እርሱ ዝግ ሲል በፊቱ ያለውም እንደዚሁ ዝግ ይላል፤ እንዲህ እያለ ነገሩ ያለ ጩኸትና ያለ መልእክተኛ እስከ መሪው ይደርሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ያለውን ኅብረት ነው።

ነገር ግን ይህን ሥርዓት የሚነቅፉ አሉ። «እያንዳንዱ እንደ ችሎታው ይሂድ፤ ምሳ ቤት እንገናኛለን» ይላሉ። ንግግራቸው ነጻነትን የሚያከብር ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት ጕድለት አለበት።

አንደኛ፥ ወደ ኋላ የቀረው ሰው ያፍራል። ከማፈሩም የተነሣ ባልንጀሮቹን ለመድረስ ከችሎታው በላይ ይነዳል፤ በመታጠፊያውም ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለው ሰው የወደቀው በዝናሙ ብቻ አይደለም፤ በባልንጀሮቹም ችኰላ ነው።

ሁለተኛ፥ ፊተኞቹ ቆመው ይጠብቁታል እንበል። እነርሱ ሩብ ሰዓት ያርፋሉ፥ ትኩስ ሻይ ይጠጣሉ። እርሱ በደረሰ ጊዜ ግን «እነሆ መጣ፥ እንሂድ» ብለው ይነሣሉ። እንግዲህ ያልደከመው ዐረፈ፥ የደከመው ሳያርፍ ቀረ። ይህ ፍርድ የተገለበጠ አይደለምን?

ሦስተኛ፥ ቢወድቅ የሚያውቅለት የለም። በጉም ውስጥ ከመንገድ የወጣ ሰው፥ ባልንጀሮቹ በምሳ ገበታ ላይ «ዘገየ» እያሉ ሲያሙት፥ እርሱ በገደል አፋፍ ረዳት ሲጠብቅ ይውላል።

ሌሎችም «ደካማው ከመጀመሪያው ባይመጣ ይሻል ነበር» ይላሉ። ይህ ቃል አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊኾን ይችላል፤ ነገር ግን የሚነገርበት ስፍራ አዲስ አበባ ነው እንጂ ተራራው ላይ አይደለም። ሳይነሡ በፊት ሞተሩን መርምሮ፥ ልብሱን አይቶ፥ «ወንድሜ ሆይ፤ ይህ መንገድ ዛሬ ላንተ ይከብድሃል» ማለት ወዳጅነት ነው። ተቀብለውት ከተነሡ በኋላ ግን እርሱ አደራ ነው። አደራም ቢከብድ በመንገድ አይጣልም።

ደካማውም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ሲበርደው በረደኝ፥ ሲፈራ ፈራሁ ማለት ይገባዋል። ድካሙን የሚሸሽግ ሰው ባልንጀሮቹን ያታልላል፤ የማያውቁትን ሸክም ሊያግዙት አይችሉምና። በዝግታ መሄድ ነውር አይደለም፤ ነውር የሚኾነው ደኅና ነኝ ብሎ መዋሸት ነው።

ከኹሉ ይልቅ የሚያከራክረው የመመለስ ነገር ነው። ስምንቱ ሰዎች ደብረ ብርሃን ደርሰው ወደ ጣርማ በር በኩል ሲመለከቱ ደመናው ጠቁሯል እንበል። ሰባቱ «እንሂድ» ይላሉ፤ አንዱ «እንመለስ» ይላል። ማን ይሰማ? የብዙዎች ቃል ይጽና የሚል ይኖራል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ወደ ፊት ለመሄድ የስምንቱም ስምምነት ያስፈልጋል፥ ለመመለስ ግን የአንዱ ቃል ይበቃል። «አንድ ፈሪ ሰባት ጐበዞችን ይግዛን?» ብትሉኝ፥ ጕዳቱን በሚዛን አድርጋችሁ ተመልከቱ። በከንቱ ቢመለሱ የሚቀርባቸው አንድ ምሳ ነው፤ እርሱም ደብረ ብርሃን ላይ ይገኛል። በከንቱ ቢሄዱ ግን የሚቀርባቸው አንድ ሰው ሊኾን ይችላል፤ ሰው ደግሞ ከጠፋ በኋላ በገበያ አይገኝም። ተራራው በሚመጣው ሳምንትም ከስፍራው አይነሣም። ስለዚህ መመለስን ፍርሃት የሚሉት ሰዎች ስሙን አሳስተዋል፤ ትክክለኛ ስሙ ማስተዋል ነው። ይህም ምክር መደረግ ያለበት ቤትና እሳት ባለበት በከተማው ነው እንጂ እጅ ከደነዘዘ፥ ዓይንም በጉም ከታወረ በኋላ አይደለም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ በጸደይ ወራት ከቤት አለመውጣት ይሻላል» የሚል ቢኖር እርሱም ተሳስቷል። የመንዝና የጣርማ በር ገበሬ በልጉ እንደማይታመን ያውቃል፤ ነገር ግን ገብሱን መዝራት አይተውም። መሬቱን አለስልሶ፥ ዘሩን መርጦ፥ ሰማዩን እየተመለከተ ይዘራል። እንደዚሁም ተጓዡ የዝናም ልብሱን ይያዝ፥ የሚቀይረው ደረቅ ጓንት ይኑረው፥ ስለ አየሩ የተነገረውን ትንበያ ይስማ፥ ከቀትር በፊት አብዛኛውን መንገድ ይጨርስ፥ ከዚያም ይውጣ። የጸደይ አገር ውብ ነው፤ የዘነመበት ሜዳ ሲለመልም፥ ጉሙም ከገደሉ ሲገለጥ ማየት ድካሙን ያስረሳል። መጠንቀቅ ደስታን ለማስቀረት አይደለም፤ ደስታውን ይዞ ወደ ቤት ለመመለስ ነው።

ልጆች ሆይ፤ እናንተ ሞተር ብስክሌት አትነዱም፤ ነገር ግን ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችሁ ተሰብስባችሁ ትሄዳላችሁ። ከመካከላችሁ እግሩ አጭር የኾነ ታናሽ ልጅ አለ። በመንገዳችሁም ወንዝ አለ። በራሳችሁ ላይ ፀሓይ ቢኾንም፥ በላይኛው አገር ዘንሞ ከኾነ ወንዙ በድንገት ይሞላል። እንግዲህ ከትምህርት ቤት ስትወጡ ተቈጠሩ፥ ወንዙም ዳር ስትደርሱ ዳግመኛ ተቈጠሩ። የሚበልጠው ልጅ በስተኋላ ይሁን። ታናሹ ሲደርስ ወዲያው አትነሡ፤ እርሱም ይረፍ። ከእናንተ አንዱ «ውሃው በዝቷል፥ ፈራሁ» ቢል አትሣቁበት፤ ኹላችሁም ቆማችሁ ውሃው እስኪጎድል ወይም ትልቅ ሰው እስኪመጣ ድረስ ጠብቁ። ወላጆቻችሁ ስለ መዘግየታችሁ ይቈጧችሁ ይኾናል፤ የዘገየን ልጅ መቈጣት ግን የቀረን ልጅ ከመፈለግ ይሻላል።

ፊተኛ ኾኖ መድረስ ለአንድ ሰው ክብር ነው፤ ኹሉ ደኅና መድረሱ ግን የኹሉ ክብር ነው። ስለዚህ መንገድ ስትሄዱ ወደ ፊት ብቻ አትመልከቱ፤ ዘወር ብላችሁ ከኋላችሁ ያለውን ተመልከቱ፥ ካልታያችሁም ቁሙ።