ጌጡ በግድግዳው ልክ

ኮርኒስ የሚለው ቃል የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኖች የግድግዳን አናት የሚዞረውን የጠርዝ ጌጥ ይሉበታል፤ እኛ ደግሞ የውስጥ ጣሪያውን በሙሉ አልነው። ዛሬ በባሕር ዳር አዳዲስ ቤቶች ጌጡም የቃሉን መንገድ እየተከተለ ነው፤ የጂፕሰሙ ጠርዝ ከዓመት ዓመት እየወፈረ ወደ ግድግዳው ይወርዳል። የጠርዙን ስፋት መወሰን ያለበት ግን የግድግዳው ከፍታ እንጂ የባለቤቱ ኪስ አይደለም።

ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.50 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ጠርዝ ከግድግዳው 8 በመቶ ይወስዳል። ዓይን ግድግዳው ጌጡ ከጀመረበት ያለቀ ስለሚመስለው ክፍሉ ይጎብጣል፤ የመጋረጃው ዘንግ ቦታ ያጣል፣ ረጅም ቁምሳጥንም ግድግዳው ላይ አልጠጋ ይላል። ያው ጠርዝ 4 ሜትር ከፍታ ባለው አዳራሽ 5 በመቶ ብቻ ስለሆነ ያምርበታል። ስለዚህ ለ2.50 ሜትር ከ7 እስከ 10፣ ለ3 ሜትር ደግሞ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ክፍሉ ከጠበበ ወደ ታችኛው ቁጥር ማዘንበል ይሻላል። ሲገዛም የፊቱን ስፋት ብቻ መጠየቅ ያሳስታል። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠርዝ በ45 ዲግሪ ሲገጠም ግድግዳው ላይ የሚወርደው 7 ያህል ነው።

ሰፊ ጠርዝ ስንጥቅ ይሸፍናል የሚሉ አሉ። በጭቃ ቤት ግን የአቡጀዲውን ወይም የማዳበሪያውን ኮርኒስ ዳርና ምስማር ለመደበቅ ሁለት ሦስት ጣት የምትሆን ጣውላ ትበቃ ነበር፤ ከዚያ የሰፋ ስንጥቅ ካለ ጥፋቱ የልስኑ ነው። ሳሎን የእንግዳ ነውና ይድመቅ የሚለው ክርክር የበለጠ ክብደት አለው። ከጣና ማዶ ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን መልሱን ይዟል፦ ጣሪያውን የሞሉት ዓይናማ የመላእክት ፊቶች በቀለም የተሣሉ ናቸው፤ ያን ሁሉ ድምቀት ሲሰጡ ከከፍታው አንዲት ጣት አልወሰዱም።

ከመግዛት በፊት ካርቶን በ7፣ በ10 እና በ15 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ ማዕዘኑ ላይ መለጠፍ፣ ከበሩና ከሶፋው ሆኖም ማየት ነው። ካርቶን ይነቀላል፤ ጂፕሰም ከተለጠፈ ግን መዶሻ ይጠይቃል።