ስለ ድጋፍ ደብዳቤና ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ



የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለት ነገሮችን እንደ ምሥጢር ይዘው ይኖራሉ። አንደኛው፣ ወዴት ለመግባት እንዳመለከቱ ነው፤ ሁለተኛው፣ ከየትኛው አስተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ እንደ ጠየቁ ነው። ስለ እነዚህ ነገሮች አሳቤን ለመግለጥ የተነሣሁት፣ ምሥጢሩ ባለቤቱን ራሱን ሲጎዳ ስላየሁ ነው።

አስቀድመን ደብዳቤው ለማን እንደሚያስፈልግ እንለይ። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ አገር አቀፉን ፈተና አልፎ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ለዚህ የአስተማሪ ደብዳቤ አይጠየቅም። ደብዳቤ የሚጠየቀው በውጭ አገር ለመማር ወይም የነፃ ትምህርት ዕድል ለማግኘት ለሚያመለክት ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ብዙ ኮሌጆች አመልካቹን ካስተማሩት መካከል የአንድ ወይም የሁለት አስተማሪዎችን ምስክርነት ይፈልጋሉ።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በእስልምና ትምህርት ሥርዓት ተማሪው ኪታቡን በሼኩ ፊት አንብቦ ሲጨርስ ኢጃዛ ይቀበላል፤ ኢጃዛውም የትኛውን ኪታብ ከማን ዘንድ እንደ ተማረ ያስረዳል። በቤተ ክርስቲያንም ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት የሚሻገር ተማሪ የማን ደቀ መዝሙር እንደ ነበረ ይጠየቃል። ስለዚህ የአስተማሪ ደብዳቤ እንደ ዋስነት ያለ ነገር ነው። ዋስ የሚሆን ሰው የማያውቀውን አይዋስም፤ አስተማሪም ስሙን የሚፈርመው ስለሚያውቀው ተማሪ መሆን አለበት።

እኛ ግን እንዴት እንጠይቃለን? ቀኑ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አስተማሪያችንን በመንገድ አስቁመን «አንድ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» እንላለን። ወዴት እንደምናመለክትና ምን ልንማር እንደምንሻ አንናገርም። አስተማሪውም ምን ያድርጉ? «ትጉህና ጨዋ ተማሪ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ቃል ለሁላችንም ስለሚስማማ ለማናችንም አይጠቅምም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ምርጫውን የደበቀም ጥሩ ምስክር አይገኝለትም።

ጊዜውንም ማስተዋል ይገባል። የብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ማመልከቻ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ባለው ጊዜ ይዘጋል። የእኛ ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ስለ ሆነ፣ የ12ኛ ክፍል አስተማሪ በዚያን ጊዜ የሚያውቀን የጥቂት ሳምንት ትውውቅ ነው። ስለዚህ 11ኛ ክፍል ያስተማረንን ሰው፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፣ መጠየቅ ይሻላል። ስንጠይቅም የምናመለክትበትን ቦታ፣ የትምህርቱን ዓይነት፣ የመጨረሻውን ቀንና በክፍላቸው የሠራነውን ሥራ በአንድ ወረቀት ጽፈን እንስጥ። አስተማሪው «እኔ በደንብ አላውቅህም» ቢሉም ልናዝን አይገባም፤ ከቀዝቃዛ ደብዳቤ እውነተኛ እንቢታ ይሻላል።

ለአስተማሪዎቻችንም በአክብሮት የምናቀርበው ልመና አለ። ሥራ እንደሚበዛባችሁ እናውቃለን። ቢሆንም «አንተው ጽፈህ አምጣ፣ እኔ እፈርማለሁ» የተባለ ደብዳቤ ምስክርነቱ ይጠፋል። ደግሞም ከፊት ወንበር የሚቀመጡትን ብቻ ሳይሆን፣ ከኋላ ዝም ብላ የምትሠራዋንም ልጅ እወቁልን።

አሁን ወደ ጓደኞቼ ልመለስ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መንገድ ሲጠብ ሰው ጓደኛውን እንደ ባላጋራ ማየት ይጀምራል። ነገር ግን የጓደኛዬ ምርጫ ቢታወቅ ከእኔ ውጤት አንዲት ነጥብ አይቀነስም። የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሻማን ሰው በብዙ አገር አለ፤ አጠገባችን የተቀመጠው ከብዙ ሺህ አንዱ ነው። እርሱ የሚያውቀውን የመዝጊያ ቀን ቢነግረን፣ እኛም የምናውቀውን ብንነግረው፣ ሁለታችንም እንጠቀማለን።

እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቻችን የምንደብቀው ቅናትን ፈርተን ሳይሆን «ሳይሳካልኝ ቢቀር ይሥቁብኛል» ብለን ነው። ይህን ፍርሃት የሚያስወግደው የእኛ ጠባይ ነው። ያመለከተውን ያላገኘ ተማሪ ላይ አንሣቅ። ውጤቱን መናገር የማይወድንም አናስጨንቅ። በከተማችን ሠርግም ሆነ ሐዘን በአፎቻ ሲረዳዱ እያየን አድገን፣ የሕይወታችንን ትልቅ ምርጫ እያንዳንዳችን በጨለማ መምረጣችን ያስገርማል።

ወላጆችም ከምክሩ መለየት የለባቸውም። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ በዚሁ በሐረር ስለሚገኝ፣ ልጃቸው ከቤት ሳይርቅ ሐኪም እንዲሆን የሚመኙ አሉ። ልጁ ግን በልቡ ሌላ ቦታና ሌላ ትምህርት መርጦ ዝም ይላል። ምደባ ሲወጣ በቤት ጠብ ይነሣል። ወላጅ ቀድሞ ቢጠይቅ፣ ልጅም ቀድሞ ቢናገር፣ ቅሬታው በምክር ያልቅ ነበር።

ስለዚህ በየዓመቱ በግንቦት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ተመድቦ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የት እንዳመለከቱ፣ ምን እንደ ተጠየቁና ቀኑ መቼ እንደ ተዘጋ ለ11ኛ ክፍል ቢነግሩ፣ ዝርዝሩም በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጠፍ መልካም ይመስለኛል። ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚጠይቀው ያወቁትን ለመናገር ፈቃደኛ መሆንን ብቻ ነው። የሚመጣው ዓመት 12ኛ ክፍል ከእኛ ቀድሞ ቢጀምር፣ ይህ የእኛም ክብር ይሆናል።