«ተገድጄ ነው» ማለት እስከ የት ያደርሳል?



ሰው በበደል ሲጠየቅ ከአፉ ፈጥኖ የሚወጣው ቃል «ተገድጄ ነው» የሚለው ነው። ቃሉ አንዳንድ ጊዜ ማምለጫ፥ አንዳንድ ጊዜም ፍጹም እውነት ይሆናል። ስለዚህ ሕግ ሳይመረምር አይጥለውም፤ ሳይመረምርም አይቀበለውም።

የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በ71ኛውና በ72ኛው አንቀጽ ነገሩን ይለያል። አንድ ሰው ሊቋቋመው በማይችል የአካል ኃይል ተይዞ፥ ለምሳሌ ጉልበተኛ እጁን ጨብጦ በሐሰተኛ ውል ላይ የጣት አሻራውን ቢያስደርገው፥ አይቀጣም፤ ተጠያቂው አስገዳጁ ነው። መገደዱ በዛቻ በኅሊናው ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ግን ዳኛው መዝኖ ቅጣቱን ሊያቀልለት ወይም ፈጽሞ ሊተውለት ይችላል። መቋቋም እየቻለ የተሸነፈ ሰው በመሠረቱ ይቀጣል፤ ቢሆንም የዛቻው ክብደት፥ በሁለቱ መካከል ያለው የጉልበት፥ የዕድሜና የጥገኝነት ልዩነት ይታይለታል።

ነገር ግን የተፈራው ሞት ሲሆን፥ የሚፈጸመውም ሥራ ሌላውን መግደል ሲሆን ምን ይባላል? ይህ ጥያቄ በሄግ ከተማ ተችሎ በነበረው የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የወንጀል ፍርድ ቤት ቀርቧል። ድራዤን ኤርዴሞቪች የተባለ ወጣት ወታደር በሐምሌ 1987 ዓ.ም. በቦስኒያ፥ ፒሊትሳ በሚባል መንደር አጠገብ፥ ከስሬብሬኒትሳ የተያዙ እስላሞች በመቶ እየተቆጠሩ ሲረሸኑ ከተኳሾቹ አንዱ ነበረ። አልተኩስም ባለ ጊዜ፥ ካዘንህላቸው ከእነርሱ ጋር ተሰለፍ እንደ ተባለ፥ ሚስትና ሕፃን ልጅ እንደ ነበሩትም አስረዳ። ሥራውንም ማንም ሳይደርስበት ራሱ ተናገረ።

በ1989 ዓ.ም. ዐሥር ዓመት ተፈረደበት። ይግባኙን በ1990 ዓ.ም. የወሰኑት አምስት ዳኞች በዚህ ነጥብ ሦስት ለሁለት ተከፈሉ። ሦስቱ፥ ንጹሓንን የገደለ ወታደር መገደዱ ቅጣቱን ሊያቀልለት እንጂ ከበደል ነጻ ሊያወጣው አይችልም አሉ። ሁለቱ ግን፥ እንቢ ማለቱ የሚሞቱትን የማያድን ከሆነ፥ ሕግ ከተራ ሰው የሰማዕትነት ጀግንነት ሊጠይቅ አይገባውም ብለው ተቃወሙ። ጉዳዩ እንደ ገና ታይቶ በዚያው ዓመት ቅጣቱ አምስት ዓመት ሆነ።

እኛ የሁለቱን ዳኞች ርኅራኄ ቀላል አናደርገውም፤ ከሞት ፊት ያልቆመ ሰው በቆመው ላይ ለመፍረድ መቸኮል አይገባውምና። ሆኖም የሦስቱን ቃል እንመርጣለን። ፍርሃት ደምን ፈጽሞ የሚያነጻ ቢሆን፥ ክፉ አዛዥ የሚያስፈልገው አንድ ጠመንጃ ብቻ በሆነ ነበር፤ በዚያ አስፈራርቶ ሌሎቹን ሁሉ ነጻ ገዳዮች ያደርጋቸዋልና።

በቤታችንም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። «ማን ነው ካሉ የለም በል» ብሎ ልጁን ለሐሰት የሚልክ አባት፥ ሠራተኛዋን «ደመወዝሽን አታገኚም» ብላ የሐሰት ምስክርነት የምታሰጥ እመቤት፥ በደሉ ከታዘዘው ይልቅ በእነርሱ ላይ እንደሚከብድ ይወቁ። ልጆቻችንንም በትንሹ ነገር «አይሆንም» ማለትን እናስለምዳቸው። በትንሹ ያልለመደው፥ ትልቁ በመጣ ጊዜ ቃሉ ከወዴት ይመጣለታል?